ኮላው ይቆይ፦ ተሰብስቦ የራስን ምስል በኮላጅ መሥራት

ኮላጅ የሚለው ቃል የመጣው "መለጠፍ" ከሚል የፈረንሳይኛ ግስ ነው፤ እኛ ኮላ ከምንለው ጋርም ዘመድ ነው። ሥራው ውስጥ ሲገቡ ግን መለጠፉ የመጨረሻውና አጭሩ ክፍል ነው። የራስን ፊት ከቁርጥራጭ ወረቀት ለመገንባት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅ፣ ኮላ የሚነካው ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆን አለበት። በቀረው ጊዜ ወረቀት ይቀደዳል፣ ይቆረጣል፣ ቦታ ይቀያየራል። ቁራጩ እስካልተለጠፈ ድረስ ሰው ሐሳቡን መለወጥ ይችላል፤ አጠገቡ ያለውን "እዚህ ይሻላል ወይስ እዚያ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ጨዋታውም ወጉም የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ኮላው ገና ከጅምሩ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ግን ሁሉም አንድ ዓይን ለጥፎ በዚያው ይታሰራል። ስለዚህ የዚህ መመሪያ ዋና ደንብ ይህ ነው፦ አስተባባሪው እስኪፈቅድ ድረስ የኮላው ክዳን አይከፈትም።

ልኩ ለ10 ሰው ነው። ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፤ ካልሆነ መጨረሻ ላይ የሁሉንም ሥራ ተረጋግቶ ለማየት ጊዜ አይበቃም።

ምን ይዘጋጅ?

ለእያንዳንዱ ሰው፦
- ኤ3 መጠን ያለው (29.7 በ42 ሴንቲሜትር) ወፍራም ወረቀት፣ በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን። ከዚህ የሳሳ ወረቀት ኮላ ሲነካው ይጠቀለላል።
- እንደ ትሪ የሚያገለግል ሌላ ኤ3 ወረቀት ወይም ካርቶን
- መቀስ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ማስመሪያ
- መዳፍ የሚያክል ወይም ከዚያ የሚበልጥ መስታወት
- የራሱ ፎቶ 2 ወይም 3 ቅጂ፣ ጥቁርና ነጭ
- አንድ ፖስታ (ጥቅሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል)

ለሁሉም በጋራ፦ ሩብ ሊትር ነጭ ኮላ፣ አምስት ስድስት ደረቅ ኮላ (እየተጠመዘዘ የሚወጣው ዓይነት)፣ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው ብሩሾች፣ እርጥብና ደረቅ ጨርቅ፣ ወረቀት መብሻ፣ ጥቂት ወረንጦ፣ የምድጃ ወረቀት (ኬክ ሲጋገር ትሪው ላይ የሚነጠፈው፣ የማይጣበቀው)፣ ከባድ መጻሕፍት። ምላጭ ያለው ካተር አንድ ብቻ ይኑር፤ እሱም አስተባባሪው ጋ ይቀመጥ። ሰው በተጠጋጋበት ጠረጴዛ ላይ ምላጭ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አደጋ አለው።

ወረቀቱን አስቀድሞ መለየት

የዝግጅቱ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ይሠራ። ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ መጽሔት ይበቃል። መጽሔቱን ግን እንዳለ አትስጡ። ሰው መጽሔት ሲይዝ ማንበብ ይጀምራል፤ ሃያ ደቂቃ በዚያው ያልቃል። ገጾቹን ገንጥላችሁ፣ በውስጣቸው ስላለው ነገር ሳታስቡ፣ በቀለም ብቻ ክመሩ፦ ቀያይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ፣ ጠቆር ያሉ፣ ነጣ ያሉ፣ ጥለት ያላቸው፣ ፊደል ያለባቸው። የመኪና ማስታወቂያ ከሌሎች ሰማያዊ ወረቀቶች ጋር ሲቀመጥ መኪናነቱ ይረሳል፤ መከለያው ጉንጭ፣ ጥላው መንጋጋ ይሆናል።

የቆዳ ቀለም ክምር ለብቻው ይዘጋጅ፤ ብዙም ይሁን። ከመጽሔት ሞዴሎች ፊት ብቻ ከተሰበሰበ አንዱ የሚመርጠው ይተርፈዋል፤ ሌላው አንድም የሚመስለውን አያገኝም። እንዲህ ዓይነቱ ነገር ሰውን ገና ሳይጀምር ያስከፋዋል። መፍትሔው ከፊት ውጭ መፈለግ ነው፦ የእንጨት፣ የአፈር፣ የቆዳ ጫማ፣ የድንጋይ፣ የሸክላ፣ የአሸዋ፣ የምሽት ሰማይ ፎቶዎች። ከጥቁር ቡኒ እስከ ፈዛዛ ክሬም ድረስ ቢያንስ 12 እርከን እስኪታይ ሰብስቡ። ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ፊት መሥራት የሚፈልግም ይሥራ፤ ምርጫው ግን ቀለም ስላጣ የመጣ መሆን የለበትም።

ጋዜጣ ለጥለት ያምራል፤ ሆኖም ሊግኒን የሚባለው የእንጨቱ ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ብርሃን ሲያገኘው ይቢጫል። ሥራው ለዓመታት ግድግዳ ላይ እንዲቆይ ከተፈለገ የጋዜጣውን ፎቶ ኮፒ ተጠቀሙ።

ፎቶው

ፎቶ የምታነሡ ከሆነ ሰውዬውን በአንድ ጎኑ መስኮት እንዲሆን አድርጋችሁ አቁሙት፤ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ጥላው የአፍንጫና የጉንጭን ቅርጽ ያወጣል። ካሜራው በዓይን ከፍታ ልክ፣ ወደ 1.5 ሜትር ርቆ ይሁን። ከዚያ በጣም ሲቀርብ አፍንጫ ይተልቃል፣ ጆሮ ወደኋላ ይሸሻል።

ፎቶውን በቀለም ማተሚያ ሳይሆን በፎቶ ኮፒ ማሽን ወይም በሌዘር ማተሚያ አውጡት። ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ማተሚያ ያወጣው ምስል እርጥብ ኮላ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይፈሳል፤ የፎቶ ኮፒ ዱቄት ግን በሙቀት ወረቀቱ ላይ ስለሚቀልጥ አይለቅም። አንዱን ቅጂ በልኩ፣ አንዱን 141 በመቶ፣ አንዱን 71 በመቶ አድርጋችሁ አባዙ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን አንዱ ዓይን ከትልቁ፣ ሌላው ከትንሹ ሲወሰድ ፊቱ በአንድ ጊዜ ከቅርብም ከሩቅም የሚያይ ይሆናል። አሜሪካዊው ሠዓሊ ሮሜር ቤርደን በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሠራቸው ኮላጆች መጠናቸው የተለያየ ዓይኖችንና እጆችን በአንድ ሰው ላይ ያዋሕድ ነበር፤ ኃይላቸውም አንዱ ከዚያ ይመጣል።

የቤተሰብ ፎቶ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ዋናው አይቆረጥ፤ ቅጂው ብቻ ይቆረጥ። ይህን በመጀመሪያ ተናገሩ፤ በሥራ ሙቀት ውስጥ የሚረሳ ነገር ነው። ፎቶ መነሣት የማይፈልግ ሰው ደግሞ ጥላውን ይጠቀም፦ ወንበሩን ግድግዳው አጠገብ በጎን አስቀምጡ፣ ወረቀት ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጥፉ፣ አንድ የእጅ ባትሪ 2 ሜትር ርቆ በጭንቅላት ከፍታ ይያዝ። ሰውዬው ወደ ግድግዳው በቀረበ መጠን የጥላው ጠርዝ ይጠራል። ሌላ ሰው በእርሳስ ጠርዙን ይከተላል። ለሁለት የሚሠራ ስለሆነ ለመተዋወቂያም ይረዳል።

በባዶ እጅ መጀመር (15 ደቂቃ)

መቀሱም ኮላውም ሳይነካ፣ ሁሉም ከማንኛውም ክምር ሦስት ገጽ ያንሣ፤ በ5 ደቂቃ ውስጥ በእጁ ብቻ እየቀደደ ፊት ይሥራ። ደቂቃው ሲያልቅ ሁሉም ያየዋል፣ ከዚያም ወረቀቱ ተጠርጎ ይነሣል። "እኔ ሥዕል አልችልም" የሚለው ሰው እጁ የሚፈታው እዚህ ነው፤ የሚጠፋ ነገር ለመሥራት ማንም አይፈራምና።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ መቅደድ አንድ ነገር አሳዩ። የታተመ ወረቀት ሲቀደድ ከሁለቱ ቁራጮች በአንዱ ጠርዝ ላይ የወረቀቱ ነጭ ሥጋ ይታያል፤ በሌላው ላይ አይታይም። የትኛው ላይ እንደሚወጣ የሚወስነው የምትስቡበት አቅጣጫ ነው። በአንድ ብጣሽ ላይ ወደ ራስም፣ ወደ ውጭም እየሳባችሁ ሞክሩ። ነጩ ጠርዝ ለሽበት፣ ለጉንጭ አጥንት ብርሃን፣ ለከንፈር ዳር ግሩም ነው፤ ዓይን ውስጥ ሲገባ ግን ያበላሻል።

ፊቱን መለካት (20 ደቂቃ)

አብዛኛው ሰው ዓይንን በጣም ወደ ላይ ያደርገዋል፤ ግንባርና አናት ጠብቦ ፊቱ የልጅ ጭንብል ይመስላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ስንተያይ የምናየው ከዓይን እስከ አፍ ያለውን ስለሆነ የቀረውን አናስተውልም። በመስታወት ፊት ለፊት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን ዘርግቶ ከአናት እስከ ዓይን፣ ከዚያም ከዓይን እስከ አገጭ መለካት ነው። ሁለቱ እኩል ሊሆኑ ምንም አይቀራቸውም።

በኤ3 ወረቀት ላይ የሚሠራ ልክ ይኸው፦ ከላይ 7 ሴንቲሜትር ተዉና 24 ሴንቲሜትር ቁመት፣ 17 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው እንቁላል ቅርጽ በስሱ ሣሉ። የቀረው 11 ሴንቲሜትር ለአንገትና ለትከሻ ነው። የዓይን መስመር ከአናት 12 ሴንቲሜትር ላይ፣ የአፍንጫ ጫፍ 18 ላይ፣ ከንፈር የሚገጥምበት 20 ላይ ይሆናል። የፊቱ ስፋት አምስት ዓይን ያህል ነው፤ ስለዚህ አንዱ ዓይን 3.4 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ በሁለቱ መካከልም አንድ ዓይን የሚያህል ክፍተት ይቀራል። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ጫፍ ይደርሳል። ፀጉር ከእንቁላሉ በላይ 2 ወይም 3 ሴንቲሜትር ይወጣል፤ ያ 7 ሴንቲሜትር የተተወው ለዚህ ነው።

ይህ የሁሉም ሰው አማካይ ነው፤ የማንም ፊት በትክክል እንዲህ አይደለም። ስለዚህ መስመሮቹን ካስመራችሁ በኋላ እያንዳንዱ በመስታወት እያየ የራሱ ፊት ከልኩ የሚለይባቸውን ሦስት ቦታዎች በእርሳስ ይጻፍ፦ "አፍንጫዬ ይረዝማል"፣ "ግራ ቅንድቤ ከፍ ይላል"፣ "አገጬ አጭር ነው"። መልክ የሚመጣው ከነዚህ ሦስት መስመሮች ነው። መስታወት ግራና ቀኝን እንደሚገለብጥና ከፎቶው ጋር እንደማይገጥም ግን አስታውሱ፤ በአንዱ ብቻ ይሠራ።

መሰብሰብና መሰጣጠት (35 ደቂቃ)

ሁሉም ተነሥቶ በክምሮቹ ዙሪያ እየዞረ ከ30 እስከ 40 ቁራጭ ይሰብስብ። ከነዚህ አምስቱ ትልልቅ (ከመዳፍ የሚበልጡ)፣ አሥር ያህሉ መካከለኛ፣ የቀሩት ጥቃቅን ይሁኑ። ሁሉም ቁራጭ እኩል መጠን ሲሆን ፊቱ እንደ ወለል ንጣፍ ዝም ይላል። ለቆዳ ቢያንስ ሦስት ደረጃ ያስፈልጋል፦ ብርሃን የመታው፣ መካከለኛው፣ ጥላው። ዓይንን ጨፈን አድርጎ ፎቶውን ማየት ሦስቱን ለይቶ ያወጣል።

ሲቆርጡ መቀሱን የያዘው እጅ ባለበት ይቆይ፤ የሚዞረው ወረቀቱ ነው። ክብ ነገር የሚሰባበረው መቀሱ ስለሚዞር ነው።

ከዚያ የመጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ለስጦታ አድርጉ። ሁሉም በቀኙ ለተቀመጠው ሰው አንድ ቁራጭ መርጦ ይሰጣል፤ ለምን እንደመረጠው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል። "ይሄን ቢጫ ስትስቂ ስላየሁሽ ነው" ይበቃል። ተቀባዩ ቁራጩን የፈለገበት ቦታ ያስገባል፤ መቁረጥ፣ መገልበጥ፣ በሌላ ቁራጭ ሥር ማስቀመጥ ይችላል፤ መጣል ግን አይፈቀድም። የራስ ምስል ውስጥ ሌላ ሰው ያየው ነገር ሲገባ ሥራው የጋራ ይሆናል። በብዙ ሥራዎች ላይ ይህች የማትጠበቅ ቁራጭ ነች ፊቱን የምታነቃው።

ማስቀመጥ (30 ደቂቃ)

መስኮትና ማራገቢያ ዝጉ፤ በላላ ቁራጭ ላይ ነፋስ ክፉ ነው። ሳንቲም ወይም ጠጠር ማስያዣ ይሆናል። ትልልቆቹ መጀመሪያ፦ ጀርባው፣ ትከሻው፣ አንገቱ፣ ፊቱ፣ ፀጉሩ። ዓይን፣ አፍንጫና አፍ የመጨረሻ ናቸው።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የአፍ ቁራጭ አንዱ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ከፍ ሲል ፊቱ ፈገግ ይላል፤ ዝቅ ሲል ይከፋል። ቅንድብ በ2 ሚሊሜትር ወደ ዓይን ሲቀርብ ሰውዬው ሐሳብ ይገባዋል። ሰው ይህን በገዛ ፊቱ ላይ እያንቀሳቀሰ ሲያይ ዝም ይላል፤ ዝምታውን አታቋርጡት።

ዓይን ከሌላው ሁሉ በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እንዲህ ይገነባል። ነጩ ክፍል ንጹሕ ነጭ ባይሆን ይሻላል፤ ፈዛዛ ግራጫ ወይም ክሬም ያለው ወረቀት 3.4 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። በላዩ 1.3 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ቀለማም ክብ፣ በእሱ መሃል ደግሞ የወረቀት መብሻ የሚጥላት ጥቁር ክብ፤ መጠኗ 6 ሚሊሜትር ስለሆነች ለብሌን ልክ ናት። አሁን ፊቱ የደነገጠ ይመስላል፤ ሁሌም ይህን ይመስላል። በቀለማሙ ክብ ዙሪያ ነጩ ሙሉ በሙሉ ስለታየ ነው። ከቆዳው ቀለም አንድ ደረጃ የጠቆረ ቀጭን ቁራጭ እንደ ዓይን ቆብ አድርጋችሁ የክቡን አናት 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ሸፍኑት፤ ወዲያው ይረጋጋል። በመጨረሻም የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ነጭ ብጣሽ በሁለቱም ብሌኖች ላይ በተመሳሳይ በኩል፣ ወደ ላይ ጠጋ ብላ ትቀመጥ። ያቺ ነጥብ ከሌለች ዓይን ያለ ብርሃን ይቀራል።

ፊደልና ቃል የሚያስገባ ካለ እንደ ቅርጽ ይጠቀምበት፤ የሚነበብ ቃል ከሁለት አይብለጥ። ሦስተኛው ቃል ሲገባ ተመልካች ፊቱን ትቶ ማንበብ ይጀምራል።

በ10 ደቂቃ "ጨረስኩ" የሚል ሰው ይኖራል። ሦስት ቁራጭ አንሥቶ ሌላ ቦታ እንዲሞክር ብቻ ጠይቁት። ምንም ሳያስቀምጥ የተቀመጠውን ደግሞ አትግፉት፤ ከአገጩ ይጀምር፣ አገጭ አያስፈራም። ክፍት ቦታን ሁሉ መሙላት የሚወድም አለ፤ ባዶ ወረቀት አየር መሆኑን አሳዩት።

ትንንሽ ልጆች ካሉ መቅደዱ ብቻ ይበቃቸዋል፤ መሠረቱም ኤ4 ይሁንላቸው። እጃቸው ለሚንቀጠቀጥ አዛውንቶች ትልልቅ ቁራጮችን አስቀድማችሁ ቁረጡላቸው፤ የት እንደሚቀመጥ ግን ራሳቸው ይወስኑ። ዓይኑ ለደከመ ሰው በጣት የሚለይ ወረቀት አቅርቡ፦ የተጨማደደ፣ የሸካራ ካርቶን፣ ጨርቅ።

ኮላው ሲከፈት (30 ደቂቃ)

መጀመሪያ ሁሉም ያስቀመጠውን ከላይ ቀጥ አድርጎ በስልኩ ፎቶ ያንሣ። ከዚያ ቁራጮቹን ከላይኛው ጀምሮ አንድ በአንድ እያነሣ ትሪ በሆነው ወረቀት ላይ በተራ ይደርድር። መጨረሻ የተነሣው መጀመሪያ ይለጠፋል። ፎቶው የሚያስፈልገው የሆነ ቁራጭ መንገድ ላይ መጥፋቱ ስለማይቀር ነው።

ነጭ ኮላው ወፍራም ከሆነ በሦስት እጅ ኮላ አንድ እጅ ውሃ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ከቀጠነ ወረቀቱን ያርሰዋል። ለትልልቆቹ ነጭ ኮላ በብሩሽ፣ ለጥቃቅኖቹ ደረቁን ኮላ ተጠቀሙ።

ኮላው የሚቀባው ቁራጩ ላይ ነው፤ ከመሃል ወደ ዳር፣ ጠርዙን አልፎ እስኪሄድ ድረስ። ስለዚህ ከሥር የሚጣል ወረቀት ይነጠፍ፤ በየቁራጩም ይቀየር፤ ካልተቀየረ የቀድሞው ኮላ የሚቀጥለውን ቁራጭ ፊት ያቆሽሸዋል። ጠርዝ ያልተቀባ ቁራጭ በሳምንቱ ይነሣል።

ብዙ ሰው የሚያማርረው ሽብሽቡን ነው፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ወረቀት ውሃ ሲጠጣ ይሰፋል፤ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ኮላ ቀብታችሁ ወዲያው ካስቀመጣችሁት ገና እየሰፋ ሳለ ይያዛል፤ መሄጃ ሲያጣ ይነፋል። ከመዳፍ ለሚበልጥ ቁራጭ ኮላ ከቀባችሁ በኋላ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ጠብቁ፤ እዚያው ይስፋ። ከዚያ በአንድ ጠርዝ አስጠግታችሁ ቀስ እያላችሁ አንጥፉት። በላዩ የምድጃ ወረቀት አድርጋችሁ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፍ ሙሉ ጥረጉ። በባዶ ጣት እርጥብ ወረቀት ላይ መጥረግ ቀለሙን ይፍቃል።

የተያዘ አረፋ ካለ በመርፌ ወግታችሁ በቀስታ ተጫኑት። ከጠርዝ የወጣ ኮላ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ይነሣ፤ ከደረቀ የሚያብለጨልጭ መስመር ይተዋል። በስሕተት የተለጠፈውን በጉልበት አታላቁ፤ ሌላ ቁራጭ በላዩ ይለጠፍ። መቀሱ ኮላ ከነካው ወረቀቱን መግመጥ ይጀምራል፤ በየጊዜው ጥረጉት።

መድረቅ

ሥራው በራሱ ከተተወ ወደ ተለጠፈበት ጎን ይጎብጣል፤ ሲደርቅ የሚሰበሰበው ፊት ስለሚስበው ነው። በጀርባው እኩል መጠን ያለው ተራ ወረቀት በዚያው ኮላ ከተለጠፈበት ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሳሳባሉ። ከዚያ በሁለት የምድጃ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ በመጻሕፍት ሥር እስከ ማግስቱ ጫኑት። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ የምድጃ ወረቀቱን አንዴ ቀይሩ።

አብሮ ማየት (20 ደቂቃ)

መጻሕፍት ሥር ከመግባታቸው በፊት ሥራዎቹን ሁሉ ወለል ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ በአንድ ረድፍ ደርድሩ፤ ሁሉም ቆሞ ይይ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ያለ ንግግር ይለፉ።

ቀጥሎ ስለ እያንዳንዱ ሥራ ሌላ ሰው ይጀምር፦ "ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚህ ላይ ነው።" ባለቤቱ ቀጥሎ የፈለገውን ይናገራል፤ አልናገርም ካለም ያልፋል። የሚጠየቀው ስለ ቁራጮቹ ነው፦ ብዙ ጊዜ የወሰደብህ የትኛው ነው? የተሰጠሽን ቁራጭ የት አስገባሽው? "ይመስላል፣ አይመስልም"፣ "ወፈርክ"፣ "አምረሻል" የመሳሰሉት አይፈቀዱም፤ ይህን አስተባባሪው ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ይናገር። ምስጋናውም ቢሆን መልክን መመዘን ነው፤ የሚቀጥለው ሰው ሳይመሰገን ሲቀር ይሰማዋል።

ግድግዳ ላይ ሲሰቀሉ የሁሉም የዓይን መስመር በአንድ ከፍታ ይሁን፤ ከወለል 150 ሴንቲሜትር ያህል። የወረቀቶቹ ጠርዝ ባይስተካከልም ግድ የለም፤ ሰው በፊታቸው ሲያልፍ ሁሉም እኩል ያዩታል።

ፖስታው የሚወጣው አሁን ነው። እያንዳንዱ ሰው ሰብስቦ ያልተጠቀመባቸውን ቁራጮች እንዳሉ ይክተትበት፤ ስሙንና ቀኑን ይጻፍበት። ሥራው ከደረቀ በኋላ ፖስታው በጀርባው በአራት ጠርዞቹ ብቻ በደረቅ ኮላ ይለጠፍ፤ አፉ ወደ ላይ፣ ሳይታሸግ። በሚቀጥለው ስብሰባ አዲስ መሠረት ወረቀት ይሰጥና ሁሉም ፖስታውን አራግፎ፣ ባለፈው ፊቱ ላይ ቦታ ባጡት ቁራጮች ሁለተኛውን ይጀምራል።